የእንፋሎት ቫልቭ ላይ የተገጠመ ፒስተን አክቹዌተር ለምን አይዘጋም፣ ለምንስ ይወዛወዛል?

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ በሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥገና ክፍል እሠራለሁ። ወደ ማቅለሚያ ማሽን የሚሄደውን የ8 ባር እንፋሎት የሚቆጣጠረው ኮንትሮል ቫልቭ ዲያፍራሙ (በአየር ተገፍቶ ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው ላስቲክ) ስለተቀደደ፣ ከሌላ መስመር የተረፈ፣ ውስጣዊ ዲያሜትሩ 100 ሚሊሜትር የሆነና ስፕሪንግ የሌለው ፒስተን አክቹዌተር (ቫልቩን በአየር ግፊት የሚከፍትና የሚዘጋ ሲሊንደር) ገጠምንበት። የድሮው ፖዚሽነር (በመቆጣጠሪያው ምልክት መሠረት አየር እየሰጠ ቫልቩን የሚፈለገው ቦታ ላይ የሚያደርሰው መሣሪያ) አንድ የአየር መውጫ ብቻ ስላለው እሱን ከፒስተኑ በላይ ካለው ጎን አገናኘነው፤ የታችኛውን ጎን ደግሞ በሬጉሌተር (በግፊት መወሰኛ) ቋሚ 3 ባር ሰጠነው። ከዚያ ወዲህ ቫልቩ ተዘግቶም እንፋሎት ያሳልፋል፤ በሥራ ላይ ሲሆን ከፍ ዝቅ ማለቱን አያቆምም። የአየር ግፊቱን ከ6 ወደ 8 ባር ስናሳድገው ማሳለፉ ቀነሰ፣ መወዛወዙ ግን ባሰበት። ባለፈው ሳምንት መብራት ሲጠፋ ቫልቩ በራሱ ተከፍቶ የማሽኑ ውሃ ከልክ በላይ ሞቀ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ሐዋሳ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ኃይል ይቀንሳል ይላሉ። ግፊቱን 10 ባር ብናደርሰው ይስተካከላል? የቫልቩ መቀመጫ 50 ሚሊሜትር፣ ስትሮኩ (የዘንጉ ጉዞ) 40 ሚሊሜትር ነው።»

ምላሽ፦ ወደ 10 ባር ማሳደግ አይገባም፤ አሁን ያለውን 8 ባርም መልሰው ወደ 6 ያውርዱት። ብዙ ፖዚሽነሮች ከ7 ባር በላይ እንዲቀበሉ አልተሠሩም፤ ለዲያፍራም የተሠሩት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ጣሪያ ሊኖራቸው ስለሚችል በሰውነቱ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ያንብቡ። ከታች የምዘረዝረው እርማት እስኪጠናቀቅ ድረስ ማሽኑ ሰው ሳይጠብቀው እንዳይሠራ፣ ሥራ በቆመ ቁጥርም ከኮንትሮል ቫልቩ በፊት ያለው በእጅ የሚዘጋ ቫልቭ እንዲዘጋ ለየፈረቃው ኦፕሬተር በጽሑፍ ይስጡ። ማሳለፉ፣ መወዛወዙና መብራት ሲጠፋ መከፈቱ ለእርስዎ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ይመስላሉ፤ የሦስቱም ዋና ምንጭ ግን ከፒስተኑ በታች ያስገባችሁት ቋሚ 3 ባር ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። 100 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ፒስተን የላይኛው ገጽ ስፋት 7,854 ካሬ ሚሊሜትር ሲሆን በ6 ባር ወደታች የሚገፋው 4,712 ኒውተን ነው። የፒስተኑን ዘንግ 20 ሚሊሜትር ብለን ብንወስድ የታችኛው ገጽ 7,540 ካሬ ሚሊሜትር ይሆናል፤ 3 ባሩ ወደላይ የሚገፋው ኃይልም 2,262 ኒውተን ነው። ስለዚህ ለመዝጋት የሚቀረው 2,450 ኒውተን ብቻ ነው። አሁን የሚያስፈልገውን ደግሞ እንቁጠር። እንፋሎቱ እንደተለመደው ከመቀመጫው በታች የሚገባ ከሆነ፣ 8 ባሩ በ50 ሚሊሜትር መቀመጫ ላይ የመዝጊያውን ፕላግ ወደላይ የሚገፋው 1,570 ኒውተን ነው። ብረት በብረት ላይ የሚያርፍ መቀመጫ በአራተኛው የማሳለፍ ደረጃ (Class IV) እንዲዘጋ በዙሪያው ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር 7 ኒውተን ያህል ጫና ይፈልጋል፤ የ50 ሚሊሜትር መቀመጫ ዙሪያ 157 ሚሊሜትር ስለሆነ ይህ ብቻውን 1,100 ኒውተን ይሆናል። ለፓኪንጉ (በዘንጉ ዙሪያ እንፋሎት እንዳይወጣ ለሚያሽገው) ሰበቃ 400 ኒውተን ብንይዝ ድምሩ 3,070 ይደርሳል። እናንተ የሰጣችሁት 2,450 ነው። እንፋሎቱና ሰበቃው ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ መቀመጫው ላይ የሚያርፈው 480 ኒውተን ገደማ ብቻ ስለሚሆን፣ ቫልቩ «ዝግ» የሚል ምልክት እያሳየ ማሳለፉ የሚጠበቅ ነው።

8 ባር ስትሰጡት የተሻለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የመዝጊያው ኃይል ወደ 4,021 ኒውተን ከፍ አለ። ነገር ግን ያው ፒስተን የታችኛው ጎኑ ሲዘጋ አየሩን ወደ ውጭ እንዲለቅ ተደርጎ ቢገናኝ ኖሮ፣ በ5 ባር ብቻ 3,927 ኒውተን ይሰጥ ነበር። ይህም ከሚፈለገው 3,070 ላይ ሩብ ያህል መጠባበቂያ ሲጨመርበት ከሚመጣው 3,840 ይበልጣል። ሲሊንደሩ ለዚህ ቫልቭ አላነሰም፤ ኃይሉን ከታች በገባው አየር አሰርነው እንጂ።

መብራት የጠፋ ዕለት የሆነውም ከዚህ ስሌት ይወጣል። ኮምፕሬሰሩ ሲቆም የአቅርቦቱ ግፊት ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ከፒስተኑ በላይ ያለውም አብሮ ይወርዳል። ከታች ያለው ሬጉሌተር ግን 3 ባሩን በቀላሉ አይለቅም። የላይኛው ግፊት 4.9 ባር ሲደርስ ወደታች የሚገፋው ኃይል ከታች ካለው አየርና ከእንፋሎቱ ድምር ጋር እኩል ይሆናል፤ የፓኪንጉ ሰበቃ ቢያዘገየው እንኳ 4.4 ባር ላይ ፕላጉ ከመቀመጫው መነሳቱ አይቀርም። ይህ ማለት የአየር ታንኩ ጌጅ ገና 4 ባር ተኩል እያሳየ፣ ኦፕሬተሩም «አየር አለን» ብሎ ባለበት ሰዓት፣ እስከ 175 ዲግሪ የሚደርስ እንፋሎት ወደ ማሽኑ መግባት ይጀምራል ማለት ነው። በዚያች ቀን ማሽኑን የከፈተ ሰው አለመኖሩ ትልቅ እድል ነው። ይህን ሳልጠነክርበት ማለፍ አልችልም፤ የሞቀ የማቅለሚያ ውሃ ሰው ላይ ሲገነፍል ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው «እስኪስተካከል እንዲሁ ይሥራ» አይልም።

የከፍታው ነገር በከፊል ልክ ነው፣ ግን ከዚህ ችግር ጋር አይገናኝም። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የከባቢ አየሩ ግፊት 0.83 ባር አካባቢ ነው፤ በባሕር ጠለል 1.01 ነው። የፒስተን ኃይል ግን የሚመጣው በፒስተኑ ሁለት ጎኖች መካከል ካለው የግፊት ልዩነት ነው፤ ጌጁ 6 ባር ካለ ኃይሉ ሐዋሳም ሆነ ጅቡቲ ወደብ ላይ ያው ነው። ከፍታው የሚጎዳው ኮምፕሬሰሩን ነው። በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው አየር በክብደት ከባሕር ጠለሉ 18 በመቶ ያህል ያነሰ ነው፤ ታንኩን 7 ባር ለማድረስም አየሩን 7.9 ጊዜ ሳይሆን 9.4 ጊዜ ማመቅ ስላለበት ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል፣ ይበልጥም ይሞቃል። ኮምፕሬሰር ሲገዛ ካታሎግ ላይ ያለውን የአየር መጠን ለሐዋሳ ዝቅ አድርጎ ማስላት ያስፈልጋል፤ ለእርስዎ ቫልቭ ግን ይህ ምክንያት አይሆንም።

ወደ መወዛወዙ እንምጣ። በዲያፍራምና በዚህ ፒስተን መካከል ያለው ልዩነት የጉልበት ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ዋናው ልዩነት ግን ስፕሪንጉ ነው። በዲያፍራሙ ውስጥ ስፕሪንግ ስላለ ለእያንዳንዱ የአየር ግፊት አንድ የተወሰነ የዘንግ ቦታ አለ፤ ፖዚሽነሩ ቢደክም እንኳ ስፕሪንጉ ሥርዓት ያስይዘዋል። ስፕሪንግ የሌለው ፒስተን የራሱ የሆነ ቦታ የለውም። የትም ሊቆም ይችላል፤ የሚያቆመው ፖዚሽነሩ በሁለቱ ጎኖች መካከል በየቅጽበቱ የሚያስተካክለው ሚዛን ነው። ስለዚህ ሁለት መውጫ ያለው፣ አንዱን ጎን ሲሞላ ሌላውን የሚያስተነፍስ ፖዚሽነር ያስፈልገዋል። በቋሚ ግፊት መደገፍ ድሮ የታወቀ ዘዴ ነው፤ የሚሠራውም ሬጉሌተሩ አየር በፍጥነት መስጠትም መልቀቅም ሲችል ነው። ትንሽ ሬጉሌተር የሚለቀው በቀጭን ቀዳዳ ነው። ፒስተኑ ሲወርድ ከታች ያለው አየር ወዲያው መውጫ ስለማያገኝ ይታመቃል፣ ከዚያ ዘግይቶ ይተነፍሳል፤ ፖዚሽነሩ የሰጠው አየር ያነሰ መስሎት ሲጨምር ፒስተኑ ከሚፈለገው ያልፋል፣ ሊመልሰው ሲሞክርም እንደገና ያልፋል። አቅርቦቱን ወደ 8 ባር ስታሳድጉ በእያንዳንዱ እርማት የሚገባው አየር ስለበዛ ማለፉም በዛ።

ይህ ግን ብቸኛው ምክንያት መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መቆጣጠሪያውን ከአውቶማቲክ ወደ ማንዋል ይቀይሩና 12 ሚሊአምፒር ቋሚ ምልክት (የ4–20 ሚሊአምፒሩ መካከል) ይስጡት። ምልክቱ ሳይለወጥ ዘንጉ አሁንም ከወዛወዘ ጥፋቱ በፖዚሽነሩ፣ በአየር መስመሩ ወይም በአክቹዌተሩ ውስጥ ነው። ከቆመ ግን የሙቀት መቆጣጠሪያው ማስተካከያ ነው ብለው አይቸኩሉ፤ የዘንጉ መጣበቅም በማንዋል ጊዜ ይደበቃል። መለኪያ ጌጅ ዘንጉ ላይ አስደግፈው ምልክቱን በ0.1 ሚሊአምፒር ይጨምሩ። የዘንጉ ጠቅላላ ጉዞ 40 ሚሊሜትር ስለሆነ ለእያንዳንዱ 0.1 ሚሊአምፒር ሩብ ሚሊሜትር መንቀሳቀስ አለበት። ሦስት አራት ጊዜ ጨምረው መርፌው ሳይነቃነቅ ቆይቶ በአንዴ አንድ ሚሊሜትር ከዘለለ ፓኪንጉ ይዞታል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ እንፋሎት እንዳያፈስ ተብሎ የፓኪንጉ ዳዶ ከልክ በላይ ይጠብቃል፤ ግራፋይት ፓኪንግ ደግሞ ከቴፍሎኑ ይበልጥ ይይዛል። የዘንጉን ቦታ ለፖዚሽነሩ የሚያሳውቀው መመለሻ ክንድ ከላላም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል፤ በጣት ነቅነቅ አድርገው ክፍተት እንደሌለው ይመልከቱ።

የፒስተኑ ጎማ ማሳለፍ አለማሳለፉን ለማወቅ እንፋሎቱ ከተዘጋ በኋላ በላይ ብቻ አየር ሰጥተው ፒስተኑን እስከ መጨረሻው ያውርዱት፤ የታችኛውን ቱቦ ይንቀሉና ቀዳዳው ላይ የሳሙና ውሃ ይቀቡ። መጀመሪያ የተረፈው አየር ከወጣ በኋላም አረፋው መነሳቱን ካላቆመ ጎማው መለወጥ አለበት። ሲሊንደሩ ከሌላ መስመር የተረፈ ስለሆነ ይህን ሳያደርጉ ሌላ ወጪ አያውጡ። ጎማው ተራ ናይትራይል ከሆነም ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይደርቃል። ቧንቧውንና የቫልቩን አካል በመሸፈኛ መጠቅለል ተገቢ ነው፤ ከፓኪንጉ እስከ ሲሊንደሩ ያለውን አንገት ግን ክፍት ይተዉት፣ ሙቀቱን የሚያስተነፍሰው እሱ ነው።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው የዘንጎቹ ማገናኛ ላይ ነው፤ ስሌቱ ተስተካክሎም ቫልቩ ማሳለፉን ካላቆመ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የሚገኘው እዚህ ነው። ቫልቩን የሚያቆመው መቀመጫው መሆን አለበት እንጂ የሲሊንደሩ ታች መሆን የለበትም። ፒስተኑ ፕላጉ መቀመጫውን ሳይነካ ሲሊንደሩ መጨረሻ ላይ ከደረሰ፣ 10 ባርም ቢሰጡት ኃይሉ የሚያርፈው በሲሊንደሩ ክዳን ላይ ነው። በአንድ ፋብሪካ እኔ ራሴ ግማሽ ቀን ሙሉ ፖዚሽነር ሳስተካክል ውዬ በመጨረሻ ችግሩ ሁለት ሚሊሜትር የማገናኛ ክፍተት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ እንፋሎቱ ተዘግቶ፣ መስመሩ ተንፍሶና ቀዝቅዞ፣ ቫልቩን በአየር ይዝጉና የፒስተኑ ዘንግ ያለበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። አየሩን ከሁለቱም ጎን ያስወጡ፣ ማገናኛውን ይፍቱ፣ ሰው እጁን ከአካባቢው ካራቀ በኋላ አየሩን እንደገና ይስጡ። ዘንጉ ቅድም ያደረጉት ምልክት ላይ ከቆመ ያቆመው ሲሊንደሩ ነበር። ወደታች ጥቂት ሚሊሜትር ከሄደ ያቆመው መቀመጫው ነበር፣ ያ ትክክል ነው።

ሲገጥሙ ፕላጉን በመቀመጫው ላይ ያሳርፉ፤ የፒስተኑን ዘንግ ወደ ሲሊንደሩ መጨረሻ 3 ሚሊሜትር ያህል እስኪቀረው ያውርዱና በዚያ ቦታ ማገናኛውን ያጥብቁ። የቫልቩን ዘንግ ለማስተካከል ማዞር ካስፈለገ መጀመሪያ ፕላጉን ከመቀመጫው ከፍ ያድርጉ። ፕላጉ መቀመጫው ላይ ተጭኖ ከተሽከረከረ የተላገውን ገጽ ይፍቀዋል፤ በዚያች ጭረት ውስጥ እርጥብ እንፋሎት እየተምዘገዘገ በጥቂት ጊዜ ቦይ ይሠራል። አክቹዌተሩ ከቧንቧው በላይ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ወደ ጎን ከተጋደመ የፒስተኑ ክብደት ጎማውንና ፓኪንጉን በአንድ ወገን ይበላዋል።

ከማገናኛው ቀጥሎ ፖዚሽነሩን ከዜሮ እስከ መቶ እንደገና ያስተምሩት፤ ምልክቱ ከ2 በመቶ በታች ሲወርድ ሙሉውን አቅርቦት ወደ መዝጊያው ጎን እንዲልክ የሚያደርገውን የመዝጊያ ማስተካከያም ያብሩ። ይህ ካልበራ ፖዚሽነሩ «ዜሮ ደርሻለሁ» ብሎ መቀመጫውን በቅጡ ሳይጫን ሊቆም ይችላል። በሁለቱ ጎኖች ያለው የሚዛን ግፊት ከአቅርቦቱ ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ አካባቢ እንዲሆን ይደረጋል፤ ትክክለኛው ልክ በፖዚሽነሩ መመሪያ ላይ አለ። ይህ ሁሉ ተሟልቶም አራተኛው ደረጃ ፍጹም መዝጋት አይደለም፤ ከሙሉ አቅሙ 0.01 በመቶ ማሳለፍ ይፈቀድለታል። ማሽኑ ለጥገና ሲከፈት በኮንትሮል ቫልቭ መተማመን አይገባም፤ በእጅ የሚዘጋው ቫልቭ ተዘግቶ መቆለፍ አለበት።

ስለ አየሩ ጥራት ብዙ አልልም፣ አንድ ስህተት ግን ደጋግሜ ስለማይ ልጥቀሰው። ፒስተን ስለሆነ ዘይት ይፈልጋል በሚል በመስመሩ ላይ ሉብሪኬተር ይገጠማል። ሲሊንደሩ የሚፈልገው ሲገጣጠም የሚቀባ ቅባት ነው፤ በአየር ውስጥ የሚመጣ ዘይት የፖዚሽነሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ሉብሪኬተር ካለ ያውጡት፤ በምትኩ 5 ማይክሮን ፊልተርና ውሃ ማውጫ ያድርጉ፣ መስመሩንም ከዋናው ቧንቧ ከታች ሳይሆን ከላይ በኩል ይቅዱት። ቱቦው ከመገናኘቱ በፊት በአየር ይነፋ፣ ቴፍሎን ሲጠቀለልም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥርሶች ባዶ ይቅሩ። አንድ ጊዜ አልሠራ ያለ አዲስ ፖዚሽነር ከፍቼ በውስጡ ያገኘሁት የጥፍር ጫፍ የምታክል ነጭ የቴፍሎን ቁራጭ ብቻ ነው።

አሁን ምርጫው ምንድን ነው? ሁለት መውጫ ያለው ፖዚሽነር ገዝቶ አሁን ያለውን ሲሊንደር በ5.5 ባር ማሠራት ማሳለፉንም መወዛወዙንም ያቆማል፤ አየር ሲቋረጥ ግን ፒስተኑን የሚይዘው ነገር ስለሌለ እንፋሎቱ ይከፍተዋል። ይህን ለመሸፈን በቼክ ቫልቭ (አየሩ ወደኋላ እንዳይመለስ በሚያደርግ ቫልቭ) የተለየ 10 ሊትር የአየር ታንክና አቅርቦቱ ከተወሰነ ግፊት ሲወርድ የታንኩን አየር በቀጥታ ወደ መዝጊያው ጎን የሚለውጥ ቫልቭ ይጨመራል። ይህ ለ100 ሚሊሜትር ሲሊንደር ከበቂ በላይ ነው፤ ነገር ግን ታንኩም፣ ቼክ ቫልቩም፣ ቱቦውም አየር የማያፈሱ ሲሆኑ ብቻ የሚሠራና በየወሩ መፈተን ያለበት ዝግጅት ነው። «ባለበት ያዝ» የሚለው የአየር መቆለፊያ ቫልቭ ደግሞ ለዚህ ቦታ አይሆንም፤ መብራት የጠፋው ቫልቩ ግማሽ ተከፍቶ ሳለ ከሆነ ግማሽ እንደተከፈተ ነው የሚይዘው።

የእኔ ምክር የማያሻማ ነው፦ ለእንፋሎት መስመር ስፕሪንግ የሚዘጋው፣ አየር የሚከፍተው አክቹዌተር ይግጠሙ። ዋጋውን ለመቀነስ አሁን ባለው ሲሊንደር ውስጥ ስፕሪንግ አሠርቶ መክተት ግን አይሞከር። ስፕሪንጉ ያለ አየር እርዳታ 3,840 ኒውተን መዝጋት አለበት፤ በ40 ሚሊሜትሩ ጉዞ ሲታመቅ በሚሊሜትር 40 ኒውተን ቢጨምር ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 5,440 ይደርሳል። የ100 ሚሊሜትሩ ሲሊንደር ከታች በኩል በ5 ባር የሚሰጠው 3,770 ስለሆነ ሊያነሳው አይችልም። 125 ሚሊሜትሩ ግን ወደ 5,980 ስለሚሰጥ ይበቃል። እንዲህ ያለ የታመቀ ስፕሪንግ ያለበትን ሲሊንደር ማንም ሰው ያለ አምራቹ መመሪያና ያለ ረጃጅም መፍቻ ብሎኖቹ እንዳይከፍት፤ ክዳኑ እንደ ጥይት ይወጣል። ግዢው የሚዘገይ ከሆነ የድሮውን ዲያፍራም አክቹዌተር ከመጋዘን አውጥተው፣ ላስቲኩን ብቻ አስመጥተው፣ መልሰው መግጠም ስፕሪንግ ከሌለው ፒስተን የተሻለ ምርጫ ነው። በመሃሉ ባለው ጊዜ የታንኩ ዝግጅት ይሠራ፤ እሱ እስኪገጠም ድረስ የ3 ባሩ ሬጉሌተር ተነቅሎ ቫልቩ ተዘግቶ ይቆይ፣ ማሽኑም ኮንትሮል ቫልቩን አልፎ የሚሄድ (ባይፓስ) መስመር ካለ በዚያ መስመር ላይ ባለው በእጅ በሚከፈት ቫልቭ፣ ኦፕሬተር አጠገቡ ቆሞ ይሥራ።

የተገጠመው የትኛውም ይሁን፣ ለምርት ከመሰጠቱ በፊት ቫልቩ ግማሽ ተከፍቶ ሳለ የአየር አቅርቦቱን ቆርጠው የሚወስድበትን ጊዜ በሰዓት ይያዙ፤ ቀጥሎ አየሩን መልሰው የ4–20 ሚሊአምፒሩን ሽቦ ብቻ ይንቀሉ። አየር ሲቋረጥ መዝጋቱ ምልክት ሲቋረጥ እንደሚዘጋ አያረጋግጥም፣ ሁለቱ ለየብቻ መፈተን አለባቸው። ፈተናው መጀመሪያ እንፋሎት በሌለበት፣ ከዚያ ማሽኑ ባዶ ሆኖ በሙሉ የ8 ባር እንፋሎት ይደገም፤ ከሁለቱ በአንዱም ጊዜ ቢሆን ቫልቩ እስከ መቀመጫው ካልወረደ ወደ ማገናኛው ይመለሱ።